የጉራቻ ወዝ

ሐምሌ 13 ቀን 2017፣ እሑድ

ብዕሩን የያዘችው ብርሃነሽ ናት፤ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጓሮ ክፍሌ ተከራይ፣ የወላይታ ልጅ። ቃሉ ግን የእኔ የባጫ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ስናገር አላፍርም። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ሰበታ የፋብሪካ በር ስጠብቅ ፊደል የጠየቀኝ የለም፤ የጠየቁኝ ሌባ ገብቶ እንደሆነ ነው። አልገባም።

ደብተሩን ያዘዘው ሕዝቅያስ የሚባለው የእንስሳት ሐኪም ነው። "አባባ፣ ውሻው ምን እንደበላ፣ መቼ እንደታጠበ፣ ፀጉሩ እንዴት እንዳደረ ያጽፉ፤ አለዚያ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?" አለኝ። ውሻ በደብተር ሲያዝ ዘንድሮ አየሁ። ብርሃነሽን "እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው" ብያታለሁ። "እሺ ኦቦ ባጫ" ብላለች። እናያለን።

ውሻው ጉራቻ ይባላል። በእኛ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። አምስት ዓመቱ ነው። አምና በዚህ ወር ጀርባው ላይ ዝንብ ብታርፍ ያንሸራትታት ነበር፤ እንደዚያ ነበር ወዙ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ከጆሮው ጫፍ ጀመረው። ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ ጎኑ። አሁን ግማሽ ጎኑ የተላጨ ይመስላል። ያካል። ሲያክ ያድራል።

ዓርብ ዕለት የሰፈሩ ኮሚቴ ጠራኝ። ጸሐፊዋ ሰብሪያ ናት፣ ባለ ሱቋ። ወረቀት ዘርግታ፣ "እከኩ ልጆች ላይ እንዳይጋባ፣ ኮሚቴው መስከረም አሥራ አምስት ውሻውን አይቶ ካልዳነ ይወገዳል" ብላ አነበበች።

"ይወገዳል ማለት ይገደላል ማለት ነው? በግልጽ ንገሪኝ" አልኳት።

"አንቱ ደግሞ፣ አባባ" ብላ አንገቷን ደፋች።

ከማን ተማረችው? ከአባቷ። አባቷ አደም ነው፣ ሥጋ ሻጩ። የፊተኛውን ውሻዬን፣ ቦራን፣ መርዞ የገደለው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ሆነው። ቦራ ጠዋት ከአደም በር አጥንት ግጦ መጣ፤ ቀትር ላይ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንቀጠቀጠ እጄ ላይ ሞተ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ከብት አብረን ነግደናል። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋችን ለየብቻ ነበር፣ ሽሯችን ግን አንድ ነበር። እድር ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥቼ "ነፍሰ ገዳይ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱ በተቀመጠበት አግዳሚ አልቀመጥም። ይህን ጻፊ። ጎላ አድርገሽ ጻፊ።

ሐምሌ 15

ሐኪሙ ያዘዘው ይህ ነው። መርፌ ወግቶታል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይደገማል። መታጠብ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሱ በሰጠኝ ሳሙና ብቻ።

እኔ በየቀኑ በልብስ ሳሙና ነበር የማጥበው። ንጽሕና ነው ብዬ። ሕዝቅያስ ሳቀብኝ። "አባባ፣ የራስዎን ፀጉር በየቀኑ በልብስ ሳሙና ያጥባሉ?"

"ፀጉር የት አለኝ?" አልኩት።

"ይኸው! ለዚህ ይሆናላ!"

ባለጌ ነው። ግን እጁ ቀና ነው፤ ጉራቻ አልነከሰውም።

ሐምሌ 19

ጠዋት፦ የተፈጨ ተልባ በውኃ ፈልቶ፣ ከገብስ ገንፎ ጋር። ማታ፦ ያው። በሳምንት ሁለት እንቁላል። በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ጨው የለ። ቀይ ወጥ ያልበላ ውሻ በምን ጉልበት ይጮኻል? ስለው ሐኪሙ "ውሻ በበላበት ይጮኻል አባባ፣ በበርበሬ አይደለም" አለኝ። ለሁሉም መልስ አለው።

ጉራቻ ተልባውን አሽትቶ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። "ታኢ" አልኩት፣ ተቀመጥ ማለቴ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ተቀምጦ ላሰው።

ሐምሌ 24

በይ ጻፊ፣ ያው ነው። ያካል። ዝናብ። መኝታውን ከመሬት አንሥቼ ጣውላ ላይ አደረግሁለት፤ እርጥበት እንዳይነካው። ብርሃነሽ ሥራ ረፍዶባታል።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። እኔ ጾመኛ፣ ውሻው እንቁላል በሊታ። በሰማንያ ዓመቴ ለውሻ እንቁላል ስቀቅል እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር?

በየማታው በብሩሽ አበጥረዋለሁ፤ ከአንገት ወደ ጭራ፣ ቀስ ብሎ። የሞተው ፀጉር ይወጣል። አዲስ ግን አላየሁም። ሁለት ጊዜ ተወግቷል። ሐኪሙ "ትዕግሥት፤ ወዝ ከውስጥ ነው የሚመጣው፣ ከላይ አይቀባም" ይላል። ትዕግሥት ቀጠሮ ለሌለው ሰው ነው። እኔ መስከረም አሥራ አምስት አለብኝ።

ነሐሴ 6

ሰብሪያ ሱቅ ጨው ልገዛ ሄጄ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ "ውሻው ከሄደ ሽማግሌውም አይቆይም" አለች። ሌላዋ "ማንስ አለው?" አለች። ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ።

ልጄ አቤኒ ቡራዩ አለች። በየእሑዱ ትደውላለች። "አባ፣ ውሻውን ተወውና እኔ ጋ ና" ትላለች። ሰው አለኝ ማለቴ ነው። ይህንንም ጻፊ።

ነሐሴ 9

ዛሬ በራሴ እውቀት ሠራሁ። ሐኪም ገና ሳይወለድ እኛ ውሻ እናክም ነበር። ፋብሪካ ሳለሁ ጋራዡ የሚደፋውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንወስድና የተባይ መድኃኒት ጠብ አድርገንበት እንቀባለን። እከክ ይሁን መዥገር፣ ይረግፋል። ፀጉሩም እንደ መስተዋት ይሆናል። ቦራን ሁልጊዜ በዚሁ ነበር የማበራው፤ እስከ መጨረሻ ማታው ድረስ ተቀብቶ ነው ያደረው። ሰው ሁሉ "የባጫ ውሻ ያበራል" ይል የነበረው ለዚህ ነው።

ጥሩ አድርጌ ቀባሁት። ዛሬ ማታ ማየት ነው። ብርሃነሽ ፊቷን አጨፍግጋለች። አንቺ ክር ነው የምታውቂው፣ ጻፊ።

ነሐሴ 10

በራ! በፀሐይ ሳወጣው ያየ ሁሉ ቆመ። የባጃጁ ሹፌር "አባባ፣ ይሄ ውሻ ነው ጥቁር መኪና?" አለኝ። ሰብሪያ በር ላይ ሁለት ጊዜ አሳልፌዋለሁ። ትይ ብዬ ነው። አየች።

ሐኪሙ ትዕግሥት ይላል!

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ይህን የምጽፈው እኔ ብርሃነሽ ነኝ፣ በራሴ ቃል። ኦቦ ባጫ ውሻውን አቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አይናገሩም።

ከጸሎት ቤት ስመለስ ጉራቻ ለሃጩ እስከ መሬት ይዝረበረብ ነበር። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሲያሳክከው ጎኑን ይልስ ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ ልሶታል። ወደ ሕዝቅያስ ደወልኩ፤ እሱም ከጸሎት እንደወጣ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ጀርባውን ነክቶ እጁን አሸተተ።

"ምን ቀባችሁት?"

"እኔ እንጃ" አሉ ኦቦ ባጫ። "ሰው ይሆናል። በአጥር ገብቶ።"

የኦቦ ባጫ ጥፍሮች ውስጥ ጥቁር ዘይት አለ። ሐኪሙም አየ፣ እኔም አየሁ። ሕዝቅያስ መርፌ ወጋው፤ ሁለታችን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደጋግመን አጠብነው። ሕዝቅያስ እያጠበ እንዲህ አለ፦ "ይሄ ከቆዳ ይገባል፣ ሲልሰው ደግሞ በአፉ ይገባል። መጀመሪያ ለሃጭ፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ። ደካማ ውሻ ከሆነ ማታ ተቀብቶ በማግሥቱ ቀትር ያልቃል። እንዲህ የሞተ ስንት ውሻ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ 'መረዙብኝ' ነው የሚለው።"

ኦቦ ባጫ ቀና አሉ። "ለሃጭ ነው ያልከው?"

"አዎ፣ ለሃጭ።"

እጃቸውን አዙረው ጥፍራቸውን አዩ።

ነሐሴ 13

እኔ ነኝ፣ ባጫ። ትናንት በስቲያ አንቺ የጻፍሽውን አልጠይቅም። ውሻው ዛሬ ውኃ ጠጣ። ቆመ። በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ስለ ማን ነው ያልኩት? ስለ ማንም አይደለም። ተረት ነው።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንድ ውሻ ማታ ተቀብቶ፣ ጠዋት አጥንት በልቶ፣ ቀትር ላይ ቢሞት፣ ከአጥንቱ ነው ከቅባቱ? የእኔ ውሻ አይደለም፤ የሰው ነው። የቆየ ነገር ነው።

ነሐሴ 14

ብርሃነሽ ጠይቃለች። ሐኪሙ "ለሃጭና መንቀጥቀጥ ካለው ከቅባቱ ነው፤ አጥንትማ ቢያንቀው እንጂ አያንቀጠቅጠውም" አለ። ይህን አትጻፊ።

አትጻፊ ብያለሁ።

ነሐሴ 22

ከመጀመሪያው ጀመርን። ተልባ፣ ገብስ፣ እንቁላል፣ ብሩሽ። ዘይት የለም። የተረፈውን ዘይት ከነጣሳው ለጋራዡ መለስኩት። ሐኪሙ ቆዳው ተቃጥሏል፣ ሥጋ ነክ ነገር ያስፈልገዋል፤ ጉበት በትንሹ፣ ሳንባ፣ መረቅ አለ። ሥጋ ቤት ሄጄ ለውሻ ሳንባ ስጡኝ ብዬ አልለምንም። ሰበታ ስንት ሥጋ ቤት ቢኖር ለሰፈራችን የሚቀርበው አንድ ነው።

ነሐሴ 24

ብርሃነሽ ሳንባና ጉበት በላስቲክ ይዛ መጣች፤ ላዩ ላይ አንድ ቅልጥም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከገበያ።"

ቅልጥሙን አገላበጥኩት። የመጥረቢያው ምት ከግራ ነው የገባው። ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ በግራ እጁ የሚቆርጥ ሥጋ ሻጭ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።

"ቅልጥሙን ለመረቅ ቀቅይው፤ አጥንቱን ግን አትስጪው" አልኳት። ሌላ አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም። አሁን ስትጽፍ ትስቃለች።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ዕቃ ይዞ ወጣ፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። እኔ በየዓመቱ ውሻዬን ይዤ እወጣ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ውኃ አይንካው ብሏል። በር ላይ ቆሜ አሰብኩ። ሐኪም በየሳምንቱ ይገኛል፣ ሩፋኤል በዓመት አንዴ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በራሴ እውቀት የሠራሁት ምን እንዳደረገው አይቻለሁ።

መዳፌን ዘርግቼ ትንሽ ያዝኩና ግንባሩን ብቻ ነካሁት። ሐኪሙ ስለ ግንባር የተናገረው የለም።

መስከረም 5 ቀን 2018

ዛሬ ስዳስሰው መዳፌ ሥር አንድ ነገር ኮሰኮሰኝ። ብርሃነሽን ጠራሁ፤ "ነዪ፣ ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል።" ተንበርክካ አየች።

"ኦቦ ባጫ፣ በቅሏል!"

በቅሏል። እንደ አዲስ ጤፍ፣ ደቃቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ጆሮው ላይ፣ ጎኑ ላይ። እከኩ ቆሟል፤ ማከኩንም ትቷል፤ ሌሊት ድምፁን አጥቼ ሁለት ጊዜ ሞቶ እንደሆን ተነሥቼ አየሁት። ተኝቷል። ያንኮራፋል።

መስከረም 11

ይበላል። ይጮኻል። በፀሐይ አበጥረዋለሁ። ዘይት ሲበራ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ እጅም ያቆሽሻል። ይሄኛው ከፀጉሩ ሥር ነው የሚወጣው፣ እጄን ብጠርግ ምንም የለም። ሕዝቅያስ ትክክል ነበር። ለእሱ አትንገሪው።

መስከረም 15

መጡ። ሰብሪያ ወረቀቷን ይዛ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጃንጥላውን ይዞ፣ ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ የተጠራው አደም ነበር። ሰባት ዓመት ግቢዬን ያልረገጠ ሰው። ሸብቷል። መጀመሪያ ያየሁት ያንን ነው።

ሰብሳቢው ራቅ ብሎ ቆሞ "ደህና ይመስላል፤ ግን ሽማግሌው ቢሉን ነው የሚሻለው። ነሐሴ ላይም እኮ አብርቶ ነበር" አለ። ሰብሪያ አባቷን አየችው።

አደም ጎንበስ አለና በግራ እጁ ፀጉሩን ወደ ኋላ፣ ከጭራ ወደ አንገት ገፋው። ቆዳውን አየ። መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

"የጋራዥ ሽታ የለውም" አለ። "ወዙ የራሱ ነው። ጻፊ፣ ሰብሪያ፤ ይኖራል።"

ሰብሪያ ጻፈች። ሰብሳቢው ፈረመ። ጉራቻ ይኖራል። ይህን ሁለት ጊዜ ጻፊው። ጉራቻ ይኖራል።

እኔ ግን "የጋራዥ" ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። በር ላይ ደረስኩበት።

"አደም፣ ጋራዥን ምን አመጣው?"

"ሽታውን አውቀዋለኋ።"

"ከየት?"

ቆመ። "ያን ማታ በአጥሩ ሳልፍ ቦራን ስትቀባው አይቼሃለሁ፣ ባጫ። ጠዋት እኔ በር ሲመጣ ለሃጩ ጀምሮት ነበር። አጥንቱን ሰጠሁት፣ አልጋጠውም።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሰባት ዓመት? 'ነፍሰ ገዳይ' ስልህ? ለምን አልተናገርክም?"

"እጅህ ላይ ነው የሞተው" አለኝ። "በዚያ ላይ ምን ልጨምርብህ?"

ዱላውን ይዞ ሄደ። ጉራቻ እስከ መታጠፊያው ሸኘው። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

መስከረም 16

ደመራ ነው። አልወጣሁም። ብርሃነሽ፣ አሁን የምነግርሽን ጻፊ፤ አታሳምሪው።

ቦራን የገደልኩት እኔ ነኝ። በዘይቱና በመድኃኒቱ። አደም አልገደለውም። አደም አጥንት ነው የሰጠው። ጉራቻንም ልገድለው ነበር፤ በአጥር የገባ ሰው የለም፤ ጥፍሬን አይታችኋል። ከነሐሴ አሥራ አንድ ጀምሮ አውቄዋለሁ። አውቄም አንድ ወር ከምናምን አደም የላከውን ጉበት ለውሻዬ እያበላሁ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

በቃ። ይኸው ነው። እጄ ዘይት ነክቶ የሚያውቀውን ያህል ምላሴ ጥፋቱን ማመን አያውቅም፤ ለዚህ ነው አጭር የሆነው።

መስከረም 18፣ እሑድ

ይህን እድሩ ቤት ውስጥ ነው የማጽፈው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ስድቡን የሰደብኩት እዚህ ነው፤ ሰው ፊት የወጣ ቃል ሰው ፊት ይመለሳል። አግዳሚው ላይ አደም አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጉራቻ ከእግራችን ሥር ተኝቷል፤ ሰብሳቢው "ውሻ እድር አባል ነው እንዴ?" አለ፤ "ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው" አልኩት።

አደም ደብተሩን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ባጫ፣ ምንድነው?"

"የሚነበብ ነገር።"

"አንተ መች ማንበብ ታውቃለህ?"

"አንተስ?"

"እኔማ ከየት አባቴ!"

"ለዚህ እኮ ነው እሷን ያመጣኋት።"

ሰብሪያ "ይሄ በአጀንዳ አልተያዘም" አለች። አባቷ በግራ እጁ ዝም በይ አላት።

ብርሃነሽ፣ ተነሺ። ከሐምሌ አሥራ ሦስት ጀምረሽ፣ "ጎላ አድርገሽ ጻፊ" ያልኩሽን ስድብ ሳትዘይ አንብቢ። "አትጻፊ" ያልኩሽንም ጽፈሻል፤ ብዕርሽ ወረቀቱ ላይ ሲጫር ያን ቀንም እሰማ ነበር፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። እሱንም አንብቢው። መስከረም አሥራ ስድስት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። አደም ጆሮው ከብዷል፤ ደግሞ ያቺን ማንም እንዳያመልጠው።

በይ፣ አንብቢልኝ።